ጠዋት ለሚተኛ የካርጎ አብራሪ የሚሆን ክፍል

ጥያቄውን ላላነበበ ባጭሩ ላስቀድም። ጠያቂያችን ከስታዲየም ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ አካባቢ ያለ የ60 ክፍል ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የአንድ የውጭ ካርጎ አየር መንገድ ወኪል መጥቶ ክፍሎቹን ዞሮ ካየ በኋላ «ሆቴላችሁ ያምራል፣ ለክሩ ግን አይሆነንም» ብሎ (ክሩ የሚለው የበረራ ሠራተኞቹን ነው)፣ የሚሞላ ቅጽ ትቶላቸው ሄዷል። አብራሪዎቹ ንጋት ላይ ገብተው በዚያው ቀን ማታ የሚወጡ ናቸው። «ፍራሹ አዲስ፣ ሻወሩ ሙቅ፣ ቁርሱ ሙሉ፤ ምን ጎደለን?» ይላሉ። በዚያ ላይ የባለቤታቸው ወንድም «አውሮፕላኑ ውስጥ አልጋ አላቸው እኮ፣ እዚያው ተኝተው ነው የሚመጡት» ስላሏቸው፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሥራዬ የክሩ ምደባና የድካም ክትትል ስለሆነ፣ ሆቴል መፈተሽም አብሮት ስለሚመጣ፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ወኪሉ የፈለገው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚጨልምና ዝም የሚል ክፍል ነው። ሆቴልዎ የተሠራው፣ ሠራተኞችዎም የሠለጠኑት ማታ ለሚተኛ እንግዳ ነው። ጽዳቱ፣ ቁርሱ፣ ቼክ-ኢኑ፣ የጀነሬተር ሙከራው፣ የሰርግ አዳራሹ ሁሉ እንግዳው ቀን ቀን ክፍሉ ውስጥ የለም በሚል ሐሳብ ነው የሚንቀሳቀሱት። የካርጎ ክሩ ግን ያለው በዚያን ጊዜ ነው።

አንድ የተለመደ ምድብ እንውሰድ። አውሮፕላኑ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ያርፋል። አብራሪዎቹ ወረቀታቸውን ጨርሰው 1 ሰዓት ላይ ከግዳጅ ነጻ ይሆናሉ። ቀጣዩ ግዳጃቸው የዚያኑ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል። ሮስተሩ (የሥራ ምደባ ሰሌዳው) ላይ ሲታይ 15 ሰዓት ዕረፍት ነው፤ ያየው ሰው «ምን ይፈልጋሉ ታዲያ?» ማለቱ አይቀርም። ከዚህ ላይ ኢሚግሬሽኑንና መንገዱን፣ ሻወሩንና ቁርሱን፣ ማታም መዘጋጃውንና ወደ ቦሌ መመለሻውን ይቀንሱ። ሁሉ ነገር ከተሳካ 3 ሰዓት ላይ ጋደም ይላሉ። 7 ሰዓት ላይ ግን ብዙዎቹ ዓይናቸው ይገለጣል። የሆቴሉ ጥፋት ባይኖርም ይገለጣል።

ምክንያቱ ሰውነት የራሱ ሰዓት ስላለው ነው። የሰውነት ሙቀትም ንቃትም እጅግ ዝቅ የሚሉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ የአቪዬሽን ደንቦችም ይህን ጊዜ ለብቻው ነጥለው ይቆጥሩታል። ጎህ ሲቀድ ሙቀቱ መጨመር ይጀምራል፣ ሰውነትም ለመንቃት ይሰናዳል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ያልከደነ ሰው እንኳ ጠዋት ሲተኛ እንቅልፉ ከሌሊቱ በሁለትም በሦስትም ሰዓት ያጥራል። ማጠር ብቻ አይደለም፣ ይሳሳልም። ሌሊት ቢሆን የማይሰማው የባልዲ ኮሽታ ጠዋት ላይ ያባንነዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰውነት እንደገና ፈዘዝ ይላል። ልምድ ያለው አብራሪ ይህን ያውቃል፤ ከነቃ በኋላ ቀለል ያለ ነገር በልቶ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ይተኛል። ይህቺ ሁለተኛዋ እንቅልፍ ናት ሌሊቱን የምታድነው። ካመለጠችው ምሽት ላይ ማካካሻ የለም፤ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ያለው ጊዜ፣ ሰው ደክሞትም ቢሆን እንቅልፍ አልመጣ የሚልበት ነው። «ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ሸለብ ያደርገዋል» የሚለው ግምት ስለዚህ አያዋጣም።

አሁን ሒሳቡን ይመልከቱ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የነቃ፣ ከሰዓት በኋላም በኮሪደሩ የቫኪዩም ድምፅ ምክንያት ያልተኛ አብራሪ፣ በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲያርፍ 17 ሰዓት ያለእንቅልፍ ቆይቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሥራ አለ፤ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው በእጅና በዓይን ቅንጅት ፈተና ያመጣው ውጤት፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኝቷል። አብራሪው 17ኛዋን ሰዓት የሚደፍነው ደግሞ ንቃት ከምንጊዜውም በወረደበት ሰዓት፣ ለማረፍ ዝቅ እያለ ሳለ ነው። አንድ ትልቅ ጄት ለማረፍ ሲቃረብ 140 ኖት ገደማ ይበራል፤ በሰከንድ 72 ሜትር ማለት ነው። የደከመ ሰው ሳያውቀው ለ4 ሰከንድ ሸለብ ቢያደርገው 290 ሜትር ገደማ ማንም ሳያበረው አልፏል። ሁለተኛዋን እንቅልፍ አግኝቶ 11 ሰዓት ላይ ቢነሳ ኖሮ በዚያች ሰዓት የነቃበት ጊዜ 13 ሰዓት ብቻ ይሆን ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በከፊል እርስዎ እጅ ላይ ነው፤ ወኪሉ መራጭ የሆነው ለዚህ ነው።

ማጋነን እንዳይመስልዎ ሦስት አደጋዎችን ላንሳ፤ ሦስቱም የካርጎ ናቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1993 አንድ ዲሲ-8 አውሮፕላን ኩባ ውስጥ ጓንታናሞ ላይ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ተርፈዋል። ግዳጅ ላይ ከገቡ 18 ሰዓት ገደማ ሆኗቸው ነበር፤ አደጋው የደረሰውም በጠራራ ከሰዓት በኋላ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የአብራሪዎችን ድካም በዋና ምክንያትነት ሲጽፍ የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የፌዴክስ ቦይንግ 727 በፍሎሪዳ ታላሃሲ ንጋት ላይ ከማኮብኮቢያው በፊት ዛፍ ላይ ወደቀ፤ እዚያም ድካም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ሦስተኛው ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2013 ከሉዊቪል የተነሳ የዩፒኤስ ኤርባስ ኤ300 በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ማኮብኮቢያው ሳይደርስ መሬት መትቶ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። በኩባንያው የሉዊቪል ማዕከል ክሩ በበረራዎች መካከል የሚያርፍባቸው የመኝታ ክፍሎች ነበሩ። የድምፅ መቅጃው ላይ አብራሪዎቹ ስለ ድካምና ስለ ዕረፍት ደንብ ሲያወሩ ተሰምተዋል። መርማሪዎቹ አውሮፕላኑ ለማረፍ ያደረገው አቀራረብ በትክክል አለመመራቱን ዋና ምክንያት አድርገው፣ የረዳት አብራሪዋን ድካም ከአስተዋጽኦዎቹ መካከል አስገብተዋል። ድካሙን ያመጣውም የሌሊቱ ሰዓት ብቻ አልነበረም፤ ከግዳጅ ውጪ የነበራትን ጊዜ ለእንቅልፍ በአግባቡ አለመጠቀሟም ተጠቅሷል። ክፍል መኖሩ ብቻውን እንቅልፍ አይሆንም።

ስለ ደንቡ ብዙ አልልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አጠገብ ከደረሰው የመንገደኛ አውሮፕላን አደጋ በኋላ የወጣው የዕረፍት ደንብ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሥራ ላይ ሲውል ካርጎውን ወደ ጎን ተወው፤ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል ተብሎ። እኔ ይህን ሒሳብ ተቀብዬው አላውቅም። ካርጎው የሚያልፍበት ሰማይ ሥር ያለው ያው ሰፈር፣ የሚያርፍበትም ያው ማኮብኮቢያ ነው። በአውሮፓ ግን ደንቡ ካርጎውንም ይይዛል። ከቤቱ ርቆ የሚያርፍ ክሩ ያለፈው ግዳጁን ያህል ወይም 10 ሰዓት፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያርፋል፤ በዚያ ውስጥም ከመንገዱ፣ ከመታጠቡና ከመብላቱ ሌላ ሙሉ 8 ሰዓት የመተኛት ዕድል ሊኖረው ይገባል። የማረፊያውንም ዓይነት ደንቡ ይናገራል፦ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ክፍል፣ ጸጥ ያለ አካባቢ፣ አልጋ፣ በቂ አየር፣ ሙቀትንና ብርሃንን ማስተካከያ፣ የሚበላና የሚጠጣ። ያ ቅጽ የአውሮፓ ኩባንያ ከሆነ ጥያቄዎቹ ከዚህ የተወሰዱ ናቸው። «ባለ አራት ኮከብ ይሁን» የሚል ነገር የለበትም።

እንግዲህ ወደ ክፍልዎ እንግባ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በምትመታው በኩል ወዳለ ክፍል ለብቻዎ ይግቡ። መጋረጃውን ይዝጉ፣ መብራቱን ያጥፉ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብለው ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ይቆዩ። ከዚያ ብርሃን የሚገባበትን ይቁጠሩ። ሁለቱ መጋረጃዎች የሚገናኙበት መሐል ላይ ቀጭን መስመር ይኖራል፤ ከላይ፣ ዘንጉና ኮርኒሱ መካከል፣ ሰፋ ያለ ይኖራል፤ ከበሩ ሥር የኮሪደሩ መብራት ይገባል። ቀጥሎ ቲቪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት፣ ኤሲው ላይ ያለችው አረንጓዴ፣ ኮርኒሱ ላይ ብልጭ የምትለው የጭስ ጠቋሚዋ ይታያሉ። ለማታ እንግዳ እነዚህ ምንም አይደሉም። ለጠዋት እንግዳ መሐል ላይ ያለችው ቀጭን መስመር 4 ሰዓት ላይ ትራሱ ላይ ትደርሳለች። የሚያስፈልግዎ ወፍራም የማያሳልፍ ጨርቅ ነው፤ በሁለቱም ጎን ከመስኮቱ አንድ ክንድ ያህል የሚያልፍ፣ መሐል ላይ የሚደራረብ፣ ከላይ በእንጨት ሳጥን የተሸፈነ። መርካቶ ጨርቁን አስመርጦ በደንብ የሚሰፋ መጋረጃ ሰፊ ሞልቷል፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልግም። ለበሩ ሥር ላስቲክ፣ ለትናንሾቹ መብራቶች ጥቁር ፕላስተር ይበቃል። የጭስ ጠቋሚዋን ግን አይንኩ።

ድምፁ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል፣ ድንገተኛ ድምፅ ደግሞ ከ45 እንዳይበልጥ ይመክራል። ስልክዎ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ ጭነው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ክፍል በክፍል ይዙሩ፤ መለኪያው ፍጹም ባይሆንም የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚሻል ይነግርዎታል። በእርስዎ መስመር ቀላል ባቡሩ አለ፣ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ!» አለ፣ ጡሩንባው አለ። የመንገዱን ፊት ይተዉት፤ ለክሩ የሚሆነው በጓሮ በኩል ያለው ነው፣ ጀነሬተሩ እዚያ ካልተቀመጠ። ብዙ የአዲስ አበባ ሆቴል ጀነሬተሩን የሚያስቀምጠው ልክ በዚያ ጸጥ ባለው ጓሮ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጸጥተኛው ክፍል የሕንፃው ጯሂ ይሆናል። ተንሸራታች የአልሙኒየም መስኮት ድምፅ ያሾልካል፤ ድርብ መስታወት ለሁሉም ክፍል ባይቻል ለአሥሩ ይቻላል። ከሊፍቱ አጠገብ፣ ከጣሪያው ባር ሥር፣ ከአዳራሹ በላይ ያለውን አይስጡ። ወለልዎ ሴራሚክ ከሆነ ከላይ ያለው እንግዳ ወንበር በጎተተ ቁጥር ከታች ያለው ይነቃል፤ ስለዚህ የክሩን ክፍሎች አንድ ወለል ላይ ሰብስቡ፣ ከላያቸውም የወንበር እግር ላይ ላስቲክ አስገቡ።

አንድ የሰፈር ነገርም አለ። ኡራኤል አጠገብ ነዎት፤ ወር በገባ በ22 ቅዳሴውና ስብከቱ በድምፅ ማጉያ ይወጣል፣ ጥር 22 እና ሐምሌ 22 ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ንግሥ ላይ ነው። ማንም ቤተ ክርስቲያን ዝም ይበል አይልም። ማድረግ የሚቻለው የቀን መቁጠሪያውን ለኩባንያው አስቀድሞ መስጠት፣ በእነዚያ ቀናት ራቅ ያለውን ክፍል መመደብ፣ የጆሮ መድፈኛ አልጋው አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ስፈትሻቸው ከነበሩት ሆቴሎች ይህን ዝርዝር ሳልጠይቅ ያወጣልኝን ሥራ አስኪያጅ ወዲያው ነበር የማምነው፤ የራሱን ሰፈር በእንግዳው ጆሮ የሚሰማ ሰው ነውና።

አሁን ገንዘብ የማያስወጣው ግን ከሁሉም የሚከብደው ነገር፦ የሆቴሉ ልማድ። ቼክ-ኢን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ይላሉ፤ የእርስዎ አብራሪ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሪሴፕሽን ቆሟል። ክፍሉ ተጸድቶ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ቁልፉ በስሙ ተዘጋጅቶ ካልጠበቀው ሎቢው ሶፋ ላይ የሚቀመጥባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከእንቅልፉ ላይ ነው የምትቆረጠው፤ ያውም ከተሻለው፣ ከመጀመሪያው የእንቅልፍ ጊዜ። ፓስፖርት ኮፒ ማድረጉን፣ ፎርም ማስሞላቱን ይተዉት፤ ኩባንያው ስማቸውን ከዋዜማው ይልካል። ጽዳት 4 ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል፤ «አትረብሹ» የሚለው ካርድ ተንጠልጥሎ እያለ እንኳ ሚኒባር ሊያይ የሚገባ አለ። የክሩ ወለል ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቫኪዩም አይነዳበትም፣ ጋሪ አይገፋበትም፣ በኮሪደሩ ስልክ አይወራበትም፤ የቧንቧና የቀለም ሥራም ያን ጊዜ አይያዝበትም። ለጽዳት ኃላፊዋ የክፍል ቁጥሮቹን በወረቀት ይስጧት፤ በቃል የተነገረ ነገር ሽፍት ሲቀየር ይረሳል።

ስልኩስ? ሪሴፕሽን ስለ ላውንደሪ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ቁርስ ማለቅ አይደውልም። የመቀስቀሻ ጥሪው አብራሪው ራሱ በሰጠው ሰዓት ነው፤ ካልመለሰ ሰው ሄዶ ያንኳኳል። በረራው ከዘገየስ? እዚህ ላይ ብዙ ሆቴል ደግ ልሁን ብሎ ያጠፋል። 9 ሰዓት ላይ «ካፒቴን፣ በረራዎ ሁለት ሰዓት ዘግይቷል፣ ይተኙ» ብሎ መቀስቀስ ማለት ያቺን የከሰዓት እንቅልፍ መግደል ነው። መዘግየቱ በወረቀት ከበሩ ሥር ይገባል፣ የመቀስቀሻው ሰዓትም ከኩባንያው ጋር በተስማማችሁት መሠረት ይገፋል። ውሉ ላይ ማን ለማን እንደሚደውል በስም ሳይሆን በኃላፊነት ይጻፍ።

ወኪሉን መልሰው ሲጠይቁት «ክሩ ከየት ነው የሚመጣው?» ይበሉት፤ አንድ ቀን ለሚያድር አብራሪ ሰውነቱ አገሩ ሰዓት ላይ እንዳለ ነውና። ቻይና ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ከጓንጁ ለመጣ ሰው የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ለሰውነቱ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ ደክሞትም እንቅልፉ ይሰበራል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ግን ያለማንም ቀስቃሽ ይወድቃል። እርስዎ ጋ ሙዚቃው የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። ከቤልጂየሟ ሊየዥ የመጣው ደግሞ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ጠዋት ሲገባ ለሰውነቱ ገና ሌሊት ስለሆነ እንቅልፍ ቶሎ ይወስደዋል፣ ለእሱ የሚያስፈልገው ፈጣን ቼክ-ኢን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፉም ሊቆራረጥ ይችላል፤ ክፍሉ ውስጥ በዛ ያለ ውሃ ይኑር። የክፍሉ ሙቀት 18 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በዚህ አየሩ ራሱ ያግዝዎታል፤ ችግሩ ቀዝቃዛውን አየር ለማስገባት መስኮት ከተከፈተ ድምፁም አብሮ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ የማያስተላልፍ የአየር ማስገቢያ ያስፈልጋል።

ስለ ምግብ አጭር ነው። ቁርስ 4 ሰዓት ላይ ይነሳል አይበሉ፤ የእነሱ «ቁርስ» ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ምሳቸው ምሽት 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሾርባ፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ ፓስታ በማንኛውም ሰዓት ክፍል ድረስ የሚመጣ ከሆነ በቂ ነው። ቡና ላይ ግን ልጨቃጨቅዎ። ሎቢ ውስጥ ሣር ጎዝጉዞ፣ ዕጣን አጭሶ፣ ለመጣ ሁሉ ቡና ማቅረብ የእንግዳ አክባሪነታችን ነው፣ ደስ ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሌሊት በረራ ለገባ ሰው ግን አቦሏን መስጠት እንቅልፉን መውሰድ ነው። ካፌይን ከጠጡት 5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ደም ውስጥ አለ። አብራሪውም ይሉኝታ ይዞት ይጠጣል። ቡናውን ለማታ ያቆዩለት፤ ከመውጣቱ በፊት አፍልታችሁ ብትሰጡት ሌሊቱን ሁሉ ያመሰግናችኋል።

መጓጓዣው በሆቴሉ ከሆነ ሌላ ቅጣት አለው። ከእርስዎ እስከ ቦሌ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ እስኪዘጋ ድረስ። መስከረም 16 ደመራ መስቀል አደባባይ ነው፤ በኅዳር ታላቁ ሩጫ አለ፤ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲመጣ መንገዱም ሆቴሉም ይጨናነቃል። መንገድ ሲዘጋ ሚኒባሱ ቀድሞ ይውጣ ይባላል፣ ቀድሞ ለመውጣት ቀድሞ መቀስቀስ ይመጣል፣ ከእንቅልፉ ላይ ይቆረጣል። የጉባኤውን ሳምንት ክፍል ለሌላ እንግዳ በሦስት እጥፍ ሸጠው ክሩን ወደ ሌላ ሆቴል ከገፉት ደግሞ፣ ውሉ በሚቀጥለው ዓመት አይታደስም።

ወደ ባለቤትዎ ወንድም ልምጣ። በከፊል ልክ ናቸው። ቦይንግ 777 ካርጎ ላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያበረው ዓይነት፣ ከኮክፒቱ ጀርባ፣ ጭነቱን ከሰው ከሚለየው ግድግዳ ወዲህ፣ ሁለት አልጋና ጥቂት ወንበሮች አሉ። አልጋው የሚጠቅመው ግን ሦስት ወይም አራት አብራሪ ሲሳፈር ነው፤ ሁለቱ ሲያበሩ ሌላው ይተኛል። ደንቦቹም አልጋውን በደረጃ ይለዩታል። በአውሮፓ ሁለት ተጨማሪ አብራሪና ከሁሉ የተሻለው የመኝታ ቦታ ሲኖር ግዳጁ እስከ 17 ሰዓት ሊራዘም ይችላል፤ አንድ ተጨማሪ አብራሪና የሚያጋድል ወንበር ብቻ ከሆነ በ14 ያበቃል። እያንዳንዱ ቢያንስ 90 ደቂቃ፣ አውሮፕላኑን የሚያሳርፉት ደግሞ 2 ሰዓት ያለማቋረጥ ማረፍ አለባቸው። ይህ እንቅልፍ ግን ሞተሩ እያጉረመረመ፣ አየሩ ደርቆ፣ አውሮፕላኑ እየተንገጫገጨ ነው። የሆቴሉን እንቅልፍ ይደግፋል፤ አይተካውም።

737 ካርጎ ላይ ደግሞ አልጋም ሦስተኛ ሰውም የለም። ሁለት አብራሪዎች ብቻ ናቸው። አንዳንድ አገር፣ አውሮፓን ጨምሮ፣ አንደኛው ወንበሩ ላይ ለአጭር ጊዜ እንዲያሸልብ ይፈቅዳል፤ ከ45 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ከነቃ በኋላም ድንዛዜው እስኪለቀው 20 ደቂቃ ሥራ ሳይረከብ። የአሜሪካ ደንብ ይህን አይፈቅድም፤ የሚገርመው ግን ጥቅሙን ካሳዩት ጥናቶች ታዋቂው የናሳ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት የ40 ደቂቃ ዕድል የተሰጣቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ተኝተው ንቃታቸው በግልጽ ተሻሽሏል። አደጋው ሁለተኛው ሰው ራሱ ደክሞት ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2024 በኢንዶኔዢያ ከኬንዳሪ ወደ ጃካርታ ይበር የነበረ የባቲክ ኤር ኤ320 ላይ ካፒቴኑ አስፈቅዶ ተኛ፣ ረዳቱም ሳያስበው እንቅልፍ ወሰደው። አውሮፕላኑ 153 መንገደኛ ይዞ ለ28 ደቂቃ ማንም ሳይቆጣጠረው በረረ፤ ከመንገዱም ወጣ። የአገሪቱ የአደጋ መርማሪዎች እንዳሉት ረዳት አብራሪው የአንድ ወር መንታ ልጆች ነበሩት። ድካሙን ያመጣው ከቤቱ ነው። ስለዚህ «አውሮፕላኑ ላይ ይተኛሉ» የሚለው ሐሳብ የሚሠራው መሬት ላይ ቀድሞ ለተኛ ሰው ነው።

ኩባንያው ለምን በቅጽ እንደሚጨነቅ ደግሞ ይህን ይወቁ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የድካም አስተዳደር ሥርዓትን በደንቦቹ ውስጥ ካስገባ ወዲህ፣ ብዙ አየር መንገዶች ሮስተሩን እንቅልፍን በሚገምት ሶፍትዌር ይፈትሹታል። ሶፍትዌሩ «ክሩ በሆቴሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይህን ያህል ይተኛል» ብሎ ያስባል። እርስዎ ጋ ለ3 ሰዓት ብቻ ቢተኛ ስሌቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ ግን አያውቅም። የሚያውቀው አብራሪው የድካም ሪፖርት ሲጽፍ ነው። ሪፖርት የጻፈን አብራሪ መቅጣት እንዲቀር የሚለፉ ኩባንያዎች አሉ፤ የማይለፉም አሉ፣ በእነሱ ዘንድ ሰው ዝም ይላል፣ ችግሩም ከሰነድ ውጪ ሆኖ ይኖራል። ሪፖርት የሚጻፍበት ኩባንያ ጋር ከሆኑ ግን የክፍል ቁጥሩ ሳይቀር ይመዘገባል። «ክፍል 304፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ጀነሬተር» የሚል ሪፖርት ሁለት ሦስቴ ከመጣ ወኪሉ ሊያነጋግርዎ ይመጣል ወይም ሳይመጣ ሌላ ሆቴል ይፈልጋል። እነዚህን ሪፖርቶች በየወሩ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ ከማንኛውም የእንግዳ አስተያየት መስጫ ይልቅ ይጠቅምዎታል።

ስለዚህ ሁሉንም 60 ክፍሎች አይቀይሩ። በጓሮ በኩል ያሉትን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ክፍሎች ለይተው አንድ ወለል ላይ ያድርጓቸው፣ መጋረጃውንና መስኮቱን ያስተካክሉ፣ የጀነሬተሩን ቦታ ይዩ፣ ከዚያ ወኪሉን በቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ይጥሩት። ማታ ያየው ክፍል ምንም አይነግረውም።

ዋጋው ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ክሩ ምሽት 3 ሰዓት ሲወጣ ክፍሉን አጽድተው ለአዳሪ እንግዳ መልሰው ለመሸጥ ያስቡ ይሆናል። ሒሳቡ ያጓጓል፤ የካርጎ በረራ ግን ጭነት ስለሚጠብቅ ከመንገደኛው ይልቅ ይዘገያል፣ ያኔም አብራሪው ተኝቶበት ያለውን ክፍል ሌላ ሰው ከፍሎበት ሪሴፕሽን ይቆማል። መልሰው ከሸጡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚገባ እንግዳ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ክፍልም ሁልጊዜ ባዶ ይያዙ። ሁለተኛ፣ መዘግየት ሲመጣ ክፍሉ እስከ ስንት ሰዓት በነጻ፣ ከዚያ በኋላ በሰዓት በስንት ብር እንደሚቆይ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ያለበለዚያ በዚያ ምሽት ካፒቴኑን ቀስቅሳችሁ «ክፍሉን ልቀቁልን» የምትሉት እናንተ ትሆናላችሁ።